ኦካን እንደ ድንች ስናየው የምንሠራቸው ስህተቶች

ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣውን፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላውን ኦካ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው "ትንሽ ድንች" ይለዋል። የጣት ያህል ርዝመት አለው፤ ላዩ ሰም የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፤ ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ ወደ ጥቁር ያደላ ሐምራዊም ይገኛል። ድንች ብሎ መጥራቱ ግን የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሌሎቹም በአብዛኛው የሚወለዱት ከእርሱ ነው። ኦካ በፔሩና በቦሊቪያ ደጋዎች ከ3000 እስከ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ ከድንች ጎን ይበቅላል እንጂ በዘር አይዛመደውም። ቅጠሉ እንደ ማገጥ ሣር ባለ ሦስት ነው፤ ሲያኝኩት ይኮመጥጣል።

ስሙም ያሳስታል። የአንዲስ ሰዎች ቋንቋ የሆነው የኬቹዋ ተናጋሪዎች ኡቃ ይሉታል። ሜክሲኮ ውስጥ "የውጭ አገር ድንች" ሲባል፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ "ያም" ይባላል፤ ያም በሌላው ዓለም እንግሊዝኛ የቦዬ ስም ነው። ከኒውዚላንድ የመጣ የምግብ አሠራር ላይ ያም የሚለውን አይቶ ቦዬ የገዛ ሰው ወጡ አይሰምርለትም። ቦዬ ተልጦ ረጅም ጊዜ መቀቀል ይፈልጋል፤ ኦካ ግን ልጣጩ ስስ ስለሆነ አይላጥም፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ኦካን ከፀሐይ መደበቅ ነው። ድንች ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ መርዝም ያበጃል፤ ስለዚህ ማንኛዋም ባለሙያ ጨለማ ቦታ ታስቀምጠዋለች። ይህን ልማድ ወደ ኦካ ያመጣ ሰው የሚበላው ኮምጣጣውን ነው፤ ከዚያም "ጣዕም የለውም" ብሎ ይተወዋል። ከመሬት በወጣበት ቀን ኦካ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባለው የሚያኮመጥጥ ነገር ይበዛበታል። የአንዲስ ገበሬዎች ግን ከመብላታቸው በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ ስታርቹም ወደ ስኳር ይለወጣል። በደንብ ፀሐይ የጠገበውን ቀቅሎ የቀመሰ ሰው ስኳር ድንች ነው ቢል አይፈረድበትም።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦካው አይታጠብ፤ አፈሩ ደረቅ እንደሆነ በእጅ ይራገፍ። ሳይደራረብ ደረቅ ሣር ላይ ይሰጣ፤ ለምግብ የሚሆነው ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ ይግባ። መድረሱ በጣት ይታወቃል፦ ትኩሱ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል፤ የደረሰው ግን ብልጭታው ደብዝዞ፣ ቆዳው ጨምደድ ብሎ፣ ሲጫኑት ይለጠጣል።

መራራውን የኦካ ዝርያ እንደ ብልሹ ቆጥሮ መጣልም ስህተት ነው። የአንዲስ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ኦካን ለሁለት ይከፍሉታል፦ አንዱ ፀሐይ አግኝቶ የሚበላ፣ ሌላው ካያ የሚሠራበት። ለካያ መራራው ኦካ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ይነከራል፤ ከዚያ ሌሊት ውርጭ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ተጨምቆ በቀን ፀሐይ ይደርቃል። እንዲህ የደረቀው ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ሰብል ባልሰመረበት ዓመት ቤተሰብ የሚያወጣው ስንቅ ይኸው ነው። ውርጭን ጠላት አድርጎ ብቻ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው፤ እኔ በበኩሌ ስለ ኦካ ከማውቀው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ግን ይጠንቀቅ። ፀሐዩ ኦክሳሊክ አሲዱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አዘውትሮ አይብላው። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከወተት ወይም ከአይብ ጋር መብላትም ይረዳል፤ ካልሲየሙ አሲዱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል።

ወደ ማሳው ስንሄድ ትልቁ ስህተት መቸኮል ነው። ኦካ ኮረቱን፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለውን የሚበላ ክፍሉን፣ የሚያበጀው ቀኑ ሲያጥር፣ የብርሃኑ ርዝመት በቀን ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ እንግሊዝ የገባው ድንችን ይተካል ተብሎ ነበር፤ አልሆነም። እዚያ በጋው ቀኑ ረጅም ስለሆነ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ኮረቱ ገና መጀመሩ ላይ ውርጭ ይደርስና ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በዚህን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ መቆፈር አይገባም፤ አገዳው ውስጥ የቀረው ምግብ ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ያሳድገዋል። በአንዲስ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የተተከለው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይቆፈራል።

ትልልቁን በልቶ ትንንሹን ለዘር ማስቀረትም ጉዳት አለው። ኦካ የሚራባው በኮረቱ ስለሆነ እናቲቱን የያዘ ቫይረስ ወደ ልጆቿ ይተላለፋል፤ ደካማ ተክል ደግሞ ትንንሽ ነው የሚያፈራው። ስለዚህ ዘር የሚመረጠው ገና ማሳው ላይ፣ ጤናማ ቅጠል ካለው ተክል ነው።

ይህን ያነበበ የእኛ ሰው "ለደጋችን ይሆናል" ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ ሐሳቡ መሠረት አለው። ድንችም ከዚያው ከአንዲስ ተነሥቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር በኩል አገራችን የገባው። የቀናችን ርዝመትም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ከውጭ ሲመለሱ ጥቂት ፍሬ በሻንጣ ይዞ መግባት ትልቅ ጥፋት ነው፤ በዓይን የማይታየው ቫይረስ አብሮ ይገባል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የኦካን ዝርያዎች በብልቃጥ ውስጥ ጭምር ያቆያል። መሞከር የሚሻ ሰው በአገሩ የግብርና ምርምር ተቋምና በኳራንቲን (ከውጭ የሚገባ ተክል በሽታ እንዳይዝ በሚቆጣጠረው ክፍል) በኩል፣ በሽታ አልባነቱ የተረጋገጠ ችግኝ ይጠይቅ።