ድድዎ ይደማል? ተራ የጥርስ እጥበት ላይበቃ ይችላል

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ጫት ቃሚዎችና አጫሾች፣ ይህን ያዙ። ጥርስ ስትቦርሹ ድድ ከደማ፣ ሐኪሙ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር እንዲለካላችሁ ጠይቁ። እስከ 3 ጤነኛ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከድድ ሥር ታርታር (ጥርስ ላይ የጠጠረ ቆሻሻ) ካለ፣ ጥልቅ እጥበት፣ ማለትም ከድድ በታች ያለውን ታርታር ማንሣት፣ ያስፈልጋል፤ የጠጠረውን መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም።

በማደንዘዣ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ጊዜ የአፍ ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ በሌላ ቀጠሮ። ስኳር ካለባችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

«እጥበት ጥርስ ያላላል» የሚባለው ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ ያሳዝናል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽና ታርታሩ ሲነሣ በጥርሶች መካከል የነበረው ክፍተት ይታያል እንጂ፣ አጥንቱን የበላው ሕመሙ ነው።

ማደንዘዣው እስኪለቅ ትኩስ ቡና አትጠጡ፣ ያቃጥላችኋል። ለጥቂት ቀናት በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፤ ጫቱም ሲጋራውም ይቅር፣ የቁስሉን መዳን ያዘገያሉ። ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ሳምንታት ጥርሳችሁን ሊያምማችሁ ይችላል። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ክፍተቱ ዳግም ይለካ፤ ከዚያም በየ3 ወሩ ክትትል።