ራስፕቤሪ ፓይ 5 ሃርድ ዲስኩን እየጣለ ሲያስቸግረኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ የሰፈራችን ልጆች ያለ ኢንተርኔት የሚያነቡበት የትምህርት ማኅደር ላዘጋጅ ብዬ ነው ራስፕቤሪ ፓይ 5 የሚባለውን በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር የገዛሁት። ፍጥነቱ እጅግ አስደሰተኝ፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራው ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰሩ ከቀድሞው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሃርድ ዲስኩን በሰካሁ ቁጥር ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ይጠፋል። አንዳንዴም ቦርዱ ራሱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

ሁለት ቀን በከንቱ ደከምኩ። በሚሞሪ ካርዱ ላይ ሲስተሙን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ቀጥሎ የመብራቱን መዋዠቅ ጠረጠርኩ። በመጨረሻ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጥቼ የቦርዱ 2ኛና 6ኛ ፒኖች (ኤሌክትሪኩ የሚለካባቸው የብረት እሾሆች) ላይ ስለካ ሥራ ሲበዛበት 4.5 ቮልት አነበብኩ። 5 መሆን ነበረበት! ችግሩ የስልክ ቻርጀሩና ሁለት ሜትር የሚረዝመው ቀጭን ገመድ ነበር።

ይህን ልብ በሉ፦ ቦርዱ 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ካላገኘ ለአራቱም የዩኤስቢ መሰኪያዎች በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ብቻ ይለቃል፤ ሲያገኝ ግን 1.6 አምፔር። የእኔ ዲስክ ለመነሳት ብቻ ከ600 በላይ ይፈልጋል። 5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 27 ዋት ቻርጀር ከአጭር ወፍራም ገመድ ጋር ስቀይርለት ቀጭ ቀጭታው ወዲያው ቆመ።

የቀረው ሙቀት ነበር። ቦርዱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፤ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣና የሚመጣ ነፋስ እንኳ የለም። ማራገቢያ ገጠምኩለት፣ 60 ላይ ረጋ። ትናንት ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ከፍተው እስኪመሽ አነበቡ፤ ዲስኩ አንዴም አልጠፋም።