ደራሲው ራሱ ሲያነብ፦ የልጆች ምናባዊ ልብ ወለድን በአደባባይ ጮክ ብሎ ስለማንበብ

ለልጆች ምናባዊ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው መጽሐፉን ስለማስተዋወቅ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታየው የምረቃ ዝግጅት፣ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅና የፌስቡክ ማስታወቂያ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ግን ልጆች ፊት ቀርቦ ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ማንበብ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ወላጅ ቢሆንም መጽሐፉን የሚያስገዛው ልጁ ነው፣ ልጅ ደግሞ ጀምሮ የተቋረጠበትን ታሪክ መጨረሻ እስኪያውቅ ድረስ ወላጆቹን መጨቅጨቁን አይተውም።

የሚነበበውን ክፍል ሲመርጡ በልማድ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይነሡ። የምናባዊ ልብ ወለድ መነሻ ብዙውን ጊዜ ስለ አገሩ አፈጣጠር፣ ስለ ነገሥታቱ የዘር ሐረግና ስለ አስማቱ ሕግ የሚተርክ በመሆኑ፣ ገጹን ወደ ኋላ መልሶ ማየት የማይችል አድማጭ ሦስተኛው ስም ላይ ይጠፋበታል። ሁለት ወይም ሦስት ገጸ ባሕርያት ብቻ የሚገኙበት፣ አንድ እንግዳ ነገርና አንድ አደጋ ያለበት ትዕይንት ይበቃል። ለምሳሌ ጥላዋን ገበያ አውጥታ የምትሸጥ ልጅ ታሪክ ከሆነ፣ ገዢው ጥላውን ጠቅልሎ በከረጢት ሲከት ያንብቡና ልጅቱ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ምን እንደገጠማት ሳይናገሩ መጽሐፉን ይዝጉ። ከሰባት ዓመት በታች ለሆኑት ስምንት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላሉት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ይመከራል።

ከሁሉም በላይ ድካም የሚጠይቀው የንባብ ቅጂውን ማዘጋጀት ነው። ለዓይን የተጻፈ ዐማርኛና ለጆሮ የሚሆን ዐማርኛ አንድ አይደሉም። ግሣችን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ አራት መስመር የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ልጅ ዘንዶው በረረ ወይስ ሞተ የሚለውን ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ጥቂት ጊዜ ሲሆን ልብ ያንጠለጥላል፣ ሲደጋገም ግን ያሰለቻል። ስለዚህ ለንባብ በሚይዙት ቅጂ ላይ ረጃጅሞቹን በእርሳስ ይቁረጡ። የራስን ድርሰት መቁረጥ ያሳፍረኛል የሚል ካለ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስም በአደባባይ ሲያነብ ከገዛ ድርሰቶቹ ለንባብ ብሎ ባሳጠራቸውና ምልክት ባደረገባቸው ልዩ ቅጂዎች ይጠቀም እንደነበር ያስታውስ።

ምልልስም የራሱ ችግር አለው። «አለ» ወይም «አለች» የሚለው ቃል ከንግግሩ በኋላ ሲመጣ፣ አድማጩ ማን እንደተናገረ የሚያውቀው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። መፍትሔው ተናጋሪውን ማስቀደም («ዘንዶውም እንዲህ አለ») አለዚያም የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ንግግር በተለያየ ቀለም አስምሮ ድምፅን አስቀድሞ መለወጥ ነው። ድምፅ መለወጥ ሲባል ጉሮሮን ማስጨነቅ ማለት አይደለም፤ አንዱን ቀስ ብሎ፣ ሌላውን ፈጠን አድርጎ ማንበብ ብቻውን ይለያቸዋል። ልጅቱ ዘንዶውን «እርስዎ» ስትል ቆይታ በድንገት «አንተ» የምትልበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ፤ ልጆች ይህን ለውጥ ከማንም ቀድመው ይይዙታል።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አለመለየቱም ሊታሰብበት ይገባል። «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜውን የሚያመለክት መሆኑን ከዐውዱ እንረዳለን፤ እርስዎ ለፈጠሩት ስም ግን ዐውድ የለውም። «ዘሙና» ብለው የሰየሟትን ጠንቋይ አንዴ «ሙ»ን አጥብቀው፣ ሌላ ጊዜ አላልተው ካነበቡ ከፊት የተቀመጠው ልጅ ያርምዎታል፣ እርማቱም ትክክል ነው። ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ከዚያ ምንባቡን በስልክዎ ቀድተው ያዳምጡ፤ ደስ የማይል ሥራ ቢሆንም የሚያሰለቸው ቦታ የት እንደሆነ ይነግርዎታል።

ለአከፋፈቱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስን ልጆቻችን ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። መጽሐፍዎ ተረት ባይሆንም ልጆቹ በየመካከሉ የሚመልሱት አንድ አጭር ሐረግ ይስጧቸው። አባባ ተስፋዬ በመባል የምናውቃቸው ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲያቀርቡ፣ የማያዩዋቸውን ልጆች ከፊታቸው የተቀመጡ ያህል ያናግሯቸው ነበር። እርስዎ የሚያዩአቸው ልጆች እያሉ ከገጹ ላይ ቀና ሳይሉ ማንበብ አይገባዎትም።

ቦታን በተመለከተ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቀኑን፣ የክፍል ደረጃውንና የሚፈጀውን ጊዜ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ፤ ዝግጅቱም ከሁለት ቀን በፊት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እንዲነገር ይጠይቁ። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ለመላው ተማሪ እንዲያነቡ ከተጋበዙ በትሕትና እምቢ ብለው አንድ ክፍል ይለምኑ። በክረምት በቤተ መጻሕፍት የሚያነቡ ከሆነ ጣሪያውን አስቀድመው ይመልከቱ፤ እኔ አንድ ሐምሌ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ድምፄን ስለዋጠው የዘንዶውን ሞት በእጅ ምልክት ለመጨረስ ተገድጃለሁ። መጋቢት 24 ቀን ዓለም አቀፍ የልጆች መጻሕፍት ቀን ስለሆነ ግብዣ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል። ልጆች ወደ መጽሐፍ እስኪመጡ አለመጠበቅንም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ልጆች ወዳሉበት በመውሰድ አሳይተውናል።

በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ ላሉት፣ ንባቡ ከማስተዋወቂያም በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዐማርኛ እየሰሙ ፊደል ስለማይለዩ መጽሐፉ የሚደርሳቸው በጆሯቸው ብቻ ነው። ወላጆች ከልጆቻቸው ጎን ይቀመጡ፣ እርስዎም ከበድ ያለውን ቃል ንባቡን ሳያቋርጡ በቀላል ቃል ደግመው ይለፉት።

ሽያጩን ከንባቡ ይለዩ። መግዛት የሚችለውና የማይችለው ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲለያዩ ማየት ደስ አይልም። የመጽሐፉ ርእስ፣ ዋጋውና የሚገኝበት ቦታ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ለየልጁ ይስጡ፣ ሁለት ቅጂም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይተዉ። ሲፈርሙ ስሙን በየትኛው «ሠ» ወይም «ሐ» እንደሚጽፍ ልጁን ይጠይቁ።

በጥያቄ ሰዓት «ዘንዶው እውነት ነው?» የሚል አይጠፋም። «ውሸት ነው» አይበሉ፣ «አዎ» ብለውም አያታልሉት፤ «አንተ ብታየው ምን ዓይነት ቀለም የሚኖረው ይመስልሃል?» ብለው ይመልሱለት። የሚሰጠውን መልስ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ይጻፉት፤ ልጆቹ መቁነጥነጥ የጀመሩበትንም ገጽ ቁጥር ከጎኑ ያስፍሩ።