በሦስት ሽቦ ይጀመራል፦ የድሮ የቤት ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ እንዴት እናገናኝ?

ኮሞዶር 64 አለ፣ አሚጋ አለ፣ አታሪ ኤስቲ አለ፤ ግን የአንዱን ፍሎፒ ሌላው አያነብም። አንዲት ፋይል ለማሻገር ቀኑን ሙሉ መታገል ነው። መፍትሄው ሁሉንም በሲሪያል መስመር (ዳታን ቢት በቢት ተራ በተራ በሚልክ ገመድ) ከአንድ መካከለኛ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ነው። ለአንዳንዶቹ የኢተርኔት ካርድ ይገኝላቸዋል። ሲሪያል ግን በዚህም በዚያም ብሎ ሁሉም ጋ ይገኛል፣ ለዚህ ነው እኔ ሁሌ ከእሱ የምጀምረው።

ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የታወቀ ችግር አለበት፤ ፓወር ሰፕላዩ ሲበላሽ 5 ቮልቱ ሽቅብ ይወጣና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ በመልቲሜትር እዩት። ከ5.25 ቮልት በላይ ካነበበ አትሰኩት። እኔ ሳልለካ ሰክቼ አንድ ቦርድ አጥቻለሁ፤ ያ ማሽን ዳግም አልተነሳም፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለመካከለኛው ማሽን ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ለእያንዳንዱ የድሮ ኮምፒውተር አንድ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ይሰካበታል።

ቮልቴጁን አዛምዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሚጋና አታሪ ኤስቲ የሚናገሩት አርኤስ-232 በሚባለው በእውነተኛው የሲሪያል ደንብ ነው፤ ምልክታቸው ከዜሮ በላይና በታች ይወዛወዛል፣ እስከ 12 ቮልት አካባቢ። የኮሞዶር 64 ዩዘር ፖርት (ሲሪያሉ የሚወጣበት የኋላ መሰኪያ) ግን በ0 እና በ5 ቮልት መካከል ብቻ ነው የሚሠራው። በቀጥታ ብታገናኟቸው ቺፕ ይቃጠላል። በመካከላቸው ቮልቴጁን የሚያዛምደው ማክስ232 የሚባለው ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ አስገቡ። በዩዘር ፖርቱ ላይ መቀበያዎቹ ቢ እና ሲ ፒኖች ናቸው፣ ሁለቱን አንድ ላይ በይዷቸው። መላኪያው ኤም ነው፣ ግራውንዱ ኤን።

ዩዘር ፖርቱ ላይ በምትሰኩት ሶኬት ላይ በማርከር «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት። በላይኛው ረድፍ 10ኛና 11ኛ ፒኖች ላይ 9 ቮልት ኤሲ አለ። ሶኬቱን ገልብጣችሁ ከሰካችሁት ያ ኤሲ ቀጥ ብሎ ወደ ቢ እና ሲ ሽቦዎቻችሁ ይገባል።

ገመዱን ሥሩ

ሦስት ሽቦ ይበቃል፦ መላኪያ፣ መቀበያ፣ ግራውንድ። የአንዱ መላኪያ ወደ ሌላው መቀበያ መሄድ አለበት። በአሚጋና በአታሪ ባለ 25 ፒን ሶኬት ላይ 2 መላኪያ፣ 3 መቀበያ፣ 7 ግራውንድ ነው። በላፕቶፑ መቀየሪያ ባለ 9 ፒን ሶኬት ላይ ግን 2 መቀበያ ይሆናል፣ 3 መላኪያ፣ ግራውንዱ 5። ስለዚህ አታሪውን ከላፕቶፑ መቀየሪያ ጋር ስታገናኙ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3፣ 7ን ከ5 ነው የምትበይዱት። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ያልተሻገረ ይመስላል፣ ግን ተሻግሯል። ፕሮግራሙ ተጨማሪ ምልክት ካልመጣልኝ አልልክም ካለ ደግሞ በ25 ፒኑ ሶኬት ውስጥ 4ን ከ5፣ 6ን ከ8 እና ከ20 ጋር አያይዙለት።

በቀስታ ጀምሩ

ሁለቱም ጋ የተርሚናል ፕሮግራም (የምትጽፉትን በሲሪያል የሚልክ፣ የመጣውን የሚያሳይ) ክፈቱና ፍጥነቱን በሰከንድ 1200 ቢት አድርጉ፦ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት። ከዚያ ኪቦርዱን ንኩ። እዚያ የጻፋችሁት ፊደል እዚህ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ያለው ደስታ ልዩ ነው። ምንም ካልመጣ መላኪያውና መቀበያው ተቀያይረዋል ማለት ነው። የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ ፍጥነቱ አልተስማማም። ከኮሞዶር ሲመጣ ትልቁ የላቲን ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ከሆነ ግን ገመዳችሁን አትንኩት፣ ደህና ነው። ኮሞዶር ፔትስኪ የሚባል የራሱ የፊደል ኮድ ስላለው ነው፤ ተርሚናሉን ሌሎቹ ወደሚጠቀሙበት ኮድ፣ ወደ አስኪ ቀይሩት።

አንድ ባይት መጀመሪያና ማቆሚያ ቢት ስለሚጨመርበት በመስመሩ ላይ 10 ቢት ይሆናል፣ ስለዚህ 1200 ማለት በሰከንድ 120 ባይት ነው። 64 ኪሎባይት ለመላክ 9 ደቂቃ ይፈጃል። በ9600 ግን 68 ሰከንድ ገደማ ብቻ። አሚጋና አታሪ 9600ን በደንብ ይችሉታል። ኮሞዶር 64 በራሱ ሮም (አብሮት በተሠራው ፕሮግራም) ከ2400 በላይ አያስተማምንም፣ አታስጨንቁት።

ለፋይል ኤክስሞደም የሚባለውን የፋይል መላኪያ ዘዴ ተጠቀሙ። ዳታውን በ128 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፣ የተበላሸው እንደገና እንዲላክ ይጠይቃል። ፋይሉ ጥቂት ባይት ረዝሞ ቢደርስ አትደንግጡ፣ የመጨረሻውን ቁራጭ 128 እስኪሞላ ስለሚደለድለው ነው።

የመጀመሪያው ማሽን ለአንድ ሳምንት ያለ ችግር ከሠራ ቀጣዩን ጨምሩ። ሁለት ሦስቱን ባንዴ ከሰካችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። በእያንዳንዱ ገመድ ላይ የማሽኑን ስምና ፍጥነቱን ለጥፉ። ከዚያ ላፕቶፑ በየመስመሩ መግቢያ (የስምና የይለፍ ቃል መጠየቂያ) እንዲያሳይ ጌቲ የሚባለውን የሊኑክስ ፕሮግራም አስነሱ። ኮሞዶር በአንድ መስመር 40 ፊደል ብቻ ስለሚያሳይ፣ ከገባችሁ በኋላ የስክሪኑን ስፋት 40 በሉት፤ ያኔ ጽሑፉ መሃል ላይ መቆራረጡን ይተዋል።