ለልጆች ቁጥር ማጠጋጋትን እንዴት እናስተምር?

ማጠጋጋት ማለት ቁጥርን ወደሚቀርበው አስር (ወይም መቶ) መውሰድ ነው፤ 42 ለምሳሌ ወደ 40 ይጠጋጋል። «የአንድ ቤቱ 5 ወይም ከ5 በላይ ከሆነ ጨምር፣ ካነሰ ተወው» የሚለውን ሕግ ሸምድዶ 42ን ወደ 30 የሚያጠጋጋ ልጅ ብዙ ነው። ሕጉን ያወቀው ርቀቱን ከማየቱ በፊት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሕጉን ለመጨረሻ አቆዩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ልጁን «37 በየትኞቹ ሁለት አስሮች መካከል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «በ30 እና በ40» ብሎ ቶሎ ካልመለሰ፣ በአስር በአስር መቁጠርንና የአስር ቤትን ከአንድ ቤት መለየትን መጀመሪያ ይከልስ።

ቀጥሎ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ወረቀት ቁረጡና የቁጥር መስመር አስምሩበት። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ 11 ጭረቶች አድርጋችሁ ከ30 እስከ 40 ጻፉ። 30ን እና 40ን በቀይ፣ 35ን በሰማያዊ ጻፉ፤ እኩሌታው በዓይን መለየት አለበት።

ልጁ 37 ላይ ጠጠር ያስቀምጥ። ጠጠሩን ጭረት በጭረት እያንቀሳቀሰ ይቁጠር፦ እስከ 40 ድረስ 3፣ ወደ 30 ሲመለስ 7። «የትኛው ይቀርባል?» ስትሉት መልሱን ራሱ ያገኘዋል። በዚሁ መንገድ 32ን፣ 38ን እና 31ን ይሥራ። ከዚያ 34ን እና 36ን አስከትሉ። እነዚህ ለእኩሌታው ስለሚቀርቡ ልጁ ያመነታል፤ አትቸኩሉ፣ ደጋግሞ ይቁጠር።

35 በመጨረሻ ይምጣ። ለሁለቱም ወገን 5 ነው። ለ40 ይቀርባል አትበሉት፣ አይቀርብም። የሁሉም ሰው መልስ አንድ እንዲሆን ወደሚበልጠው አስር እንዲጠጋጋ ስምምነት እንደተደረገ ንገሩት። ልጆች ይህን ያለ ችግር ይቀበላሉ።

አሁን ወረቀቱን አንሱ። ልጁ ባዶ መስመር አስምሮ ሁለቱን አስሮችና እኩሌታውን ራሱ ይጻፍ። ይህን ያለ እርዳታ ከሠራ ሕጉን ንገሩት፤ የአንድ ቤቱን አሃዝ አክብቦ እንዲመለከት አድርጉ።

42 → 30 የሚመጣው «ወደ ታች አጠጋጋ» ሲባል ልጁ ከአስር ቤቱ መቀነስ ስለሚመስለው ነው። «የአስር ቤቱ እንዳለ ይቆያል» ማለት ይሻላል። 37 → 47 ከሆነ የአንድ ቤቱን 0 ማድረግ ረስቷል፣ ደግሞም አስር ጨምሯል። 96 ላይ የአስር ቤቱ 9 ስለሆነ ብዙዎች 90 ወይም 910 ይጽፋሉ፤ ከ90 እስከ 100 ያለውን መስመር ስጧቸው።

ወደ መቶ ማጠጋጋት በሌላ ቀን ይሁን። እዚያ የሚያሳስተው እንደ 349 ያለ ቁጥር ነው፦ ልጁ መጀመሪያ ወደ 350፣ ከዚያ ወደ 400 ይወስደዋል። ሁለት ጊዜ ማጠጋጋት አይቻልም። ከ349 እስከ 300 ያለው 49፣ እስከ 400 ያለው 51 ነው፤ መልሱ 300 ነው።