ፈረንጅ አራዳ ተቀምጦ ድሬን ማየት (በቪዲዮ ኮል አርት መስራት ለምትፈልጉ)

ስሙኝማ፣ ቪዲዮ ኮል ለናፍቆት ብቻ አይደለም፣ አርትም ይሰራበታል። ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ ሚባሉ አርቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስን መንገድ ዳር በሳተላይት አገናኟቸው፣ ማስታወቂያ የለ ማብራሪያ የለ፣ መንገደኛው ድንገት ሌላ ከተማ ያለ ሰው በቁመቱ ልክ ቆሞ ያያል፣ ያወራዋል። ሶስት ምሽት ቆየ፣ በሶስተኛው ዘመድ ከዘመድ ተቀጣጥሮ መጣ።

እኛ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ሞከርነው፣ ጓደኛዬ ደሞ ድሬዳዋ ከዚራ። መጀመሪያ የቡና ቤቱን ባለቤት አስፈቅዱ፣ የኮረንቲውንም ሂሳብ ተነጋገሩ። ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተር፣ ነጭ አንሶላ፣ ስፒከር፣ በቃ። አንሶላው ከመሬት ይጀምር፣ እግር ካልታየ ሰውየው ቲቪ ላይ ያለ ዜና አንባቢ ነው ሚመስለው። ካሜራውን አንሶላው ጠርዝ ላይ በአይን ትክክል አስሩት። ማይኩን ከስፒከሩ አርቁ፣ አለዛ የራሳችሁ ድምፅ ዞሮ እየመጣ ያደነቁራችኋል።

አሁን ዋናው፦ የራሳችሁን ምስል የምታሳየዋን ትንሽዬ ሳጥን አጥፏት! እነ ኪትም ሰው ራሱን እንዲያይ አላደረጉም። እኛ መጀመሪያ ቀን ረስተናት ሰዉ ሁሉ ድሬን ትቶ ፀጉሩን ሲያስተካክል አመሸ፣ ልጆቹማ ለራሳቸው እጅ ሲያውለበልቡ ነበር። በማግስቱ አጠፋናት፣ አንድ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ ድሬ በሸሚዝ የተቀመጠውን አይተው "ኧረ እዛ ዝናብ የለም እንዴ" አሉ፣ ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው፣ በኦሮምኛ ቀጥለው ስለ ቡና ዋጋ ግማሽ ሰዓት አወሩ።

ማብራሪያ አትለጥፉ፣ ግን "ካሜራ አለ፣ አይቀረፅም" ሚል ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ ይኑር፣ በዚህ እንኳ ከነ ኪት እለያለሁ፣ ሰው ሳያውቅ መታየት የለበትም። እናም የእውነት አትቅረፁ።

ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ በቀን ፕሮጀክተሩ አይታይም። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ፓወር ባንክ ላይ ያለ ስልክ በተጠንቀቅ ይቀመጥ። ኔትወርክ ተቆራርጦ ምስሉ ቀጥ ሲል ግን ቶሎ ዘግታችሁ እንደገና አትደውሉ። አንዴ ድሬ ያለው ሰውዬ ሲኒውን ከንፈሩ ጋ እንዳደረሰ ድርቅ አለ፣ እዚህ ያለው ሰው በሙሉ እስኪጠጣለት ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ።