የመነኮሳይያቱን ኦፔራ በድሬዳዋ ለሕዝብ ሲያሳዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የቀርሜሎሳውያኑ ንግግሮች» ስለ ቀርሜሎስ ማኅበር የካቶሊክ መነኮሳይያት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፑለንክ የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1957 ሚላኖ ውስጥ በላ ስካላ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ኦፔራ ነው። ከመድረክ ተቀርጾ በፊልም ስለሚገኝ፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች ፈረንሳይኛን ገና ባልረሱባት ድሬዳዋ ተመልካች አያጣም። ብላንሽ የተባለች ፍርሃት የተጠናወታት የመኳንንት ልጅ ገዳም ትገባለች፤ የፈረንሳይ አብዮት ገዳሙን ሲበትን ትሸሻለች፤ እኅቶቿ ጊሎቲን በተባለው አንገት መቁረጫ ሲገደሉ ግን በፈቃዷ ተመልሳ ትከተላቸዋለች። ሥራው የቆመው በሁለት ሞት ላይ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ የምትሞተው የአሮጊቷ እመ ምኔት፣ ሌላው የብላንሽ። ለሕዝብ በሚያሳዩት ሰዎች ዘንድ የሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሁለቱን ትስስር ይበጥሳሉ።

ከሁሉ የከፋው የእመ ምኔቷን አሟሟት «ምእመናንን ያስደነግጣል» በሚል ቆርጦ ማውጣት ነው። በገድል የምናውቀው ጻድቅ በሰላም ያርፋል፤ ይህች ግን ዕድሜዋን በጸሎት አሳልፋ ሳለ ሞትን ፈርታ ትጮኻለች፣ እግዚአብሔር እንደተዋት ትናገራለች። ቀጥሎ ወጣቷ መነኩሲት ኮንስታንስ፣ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው፣ ምናልባትም አንዱ በሌላው ፈንታ እንደሚሞት ለብላንሽ ትነግራታለች። ፈሪዋ ልጅ በመጨረሻ ያለ ፍርሃት ወደ ሞት የምትሄደው አሮጊቷ የልጅቱን አስፈሪ ሞት ስለሞተችላት ነው ብሎ ለማሰብ የሚያስችለን ይህ ንግግር ነው። ትዕይንቱ ሲቆረጥ የብላንሽ መመለስ ምክንያት አልባ ጀግንነት ይሆናል፤ ስለዚህ የሚያሳየው ሰው አስቀድሞ ጉዳዩን ማስረዳት እንጂ መቁረጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ስህተት የፊልሙን ገዳም ከምናውቀው ጋር አንድ ማድረግ ነው። በእኛ ዘንድ ልጆቿን አሳድጋ የምትመነኩስ እናት ብዙ ናት፤ በሐረርና በድሬዳዋ የሚታወቁት የካቶሊክ ሲስተሮችም በትምህርት ቤትና በክሊኒክ ከሕዝብ ጋር ይውላሉ። ቀርሜሎሳውያኑ ግን ከቅጥራቸው አይወጡም፤ እንግዳ የሚያነጋግሩትም በፍርግርግ መስኮት በኩል ነው።

ሦስተኛው ኦፔራውን እንደ ታሪክ መዝገብ መቁጠር ነው። ኮምፒየኝ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ገዳም የነበሩ 16 ሴቶች እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1794 ፓሪስ ውስጥ በእርግጥ ተገድለዋል፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2024 ቅድስናቸውን አውጀዋል። ብላንሽ ግን የልብ ወለድ ፍጡር ናት። በኦፔራው በአልጋዋ ላይ የምትሞተው እመ ምኔት ስሟን የወሰደችላት እውነተኛዋ መዳም ደ ክርዋሲም በዚያው ቀን በጊሎቲን ነው የሞተችው።

አንድን ዝግጅት ብቻ አይቶ ኦፔራውን አየሁት ማለትም ያሳስታል። ሩሲያዊው አዘጋጅ ድሚትሪ ቼርንያኮቭ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙኒክ ላይ ባቀረበው ዝግጅት ብላንሽ እኅቶቿን ታድናቸዋለች። የፑለንክና ኦፔራው የተመሠረተበትን ጽሑፍ የደረሰው የዦርዥ በርናኖስ ወራሾች ከስሰው የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የዚህን ዝግጅት ፊልም ሽያጭ ቢያግድም፣ የሰበር ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ውሳኔውን ሽሮታል። በእኔ እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሕዝብ የመጀመሪያውን ፍጻሜ የጠበቀ ዝግጅት መምረጥ ይሻላል።

የሚዘመረውን ቃል ትርጉም ከምስሉ ግርጌ በጽሑፍ የማያሳይ ቅጂ አይመረጥ፤ ፑለንክ ራሱ ሥራው ተመልካቹ በሚረዳው ቋንቋ እንዲዘመር ይፈልግ ነበር።

ድምፅን ችላ ማለት የመጨረሻውን ትዕይንት ያጠፋዋል። መነኮሳይያቱ «ሳልቬ ሬጂና» የተባለውን የላቲን የማርያም መዝሙር እየዘመሩ አንድ በአንድ ወደ ሞት ሲሄዱ፣ የጊሎቲኑ ምት ጆሮ በማይጠብቅበት ቦታ ይወድቃል፤ በእያንዳንዱ ምት የዝማሬው ድምፅ በአንድ ሰው ይቀንሳል። ከፕሮጀክተሩ ጋር ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህን ወፍራም ምት አታወጣውም፤ ምቱ ካልተሰማ ደግሞ ዝማሬው ለምን እንደሳሳ ተመልካቹ አያውቅም። ትልቅ ድምፅ ማጉያ መከራየት፣ መጠኑንም በዚሁ ትዕይንት አስቀድሞ መሞከር፣ ከዚያ በኋላም እስከ ፍጻሜው አለመንካት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። ኦፔራው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ በግቢ ውስጥ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሳይጨልም ምስሉ አይለይም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በቀጥታ ሲጀመር፣ ዕረፍት ቢጨመርበት እንኳ ከ4 ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል። የክብር እንግዶች ንግግር ከፊቱ ሲደረደር ግን ባጃጅ እንዳያጣ የሚሰጋው ሁሉ ብላንሽ ሳትመለስ ይወጣል፤ ስለዚህ ንግግር ካስፈለገ በዕረፍቱ ላይ በአጭሩ ይደረግ።